ከጋሸና ኬላ እስከ መቅኔ

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ አንድ ቦታ ላይ ፈራ። ከዚህ በላይ ብጽፍ ያገሬ ሰው አያምነኝም ብሎ አሰበና፣ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው ሲል በእግዚአብሔር ስም ማለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ፤ መሐላውም አብሮ ታተመ። እኔ ወደ ላስታ ስወጣ በደብተሬ የሰፈረው ትልቁ ድንቅ ከአለት የተፈለፈለ አይደለም። በአንድ መንገደኛ መቅኔ ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ፣ ታሪኩ ሲያትልና ፊላደልፊያ፣ ባዝልም ድረስ የሚወስድ ነገር ነው። መሐላ አልጨምርበትም፤ የደም ምርመራ ወረቀቱን አይቻለሁ።

ከወልዲያ ወደ ላይ

ከወልዲያ መናኸሪያ የተነሣነው ረፋድ ላይ ነው። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶም ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረ አንድ ሰው!» ማለቱን አልተወም። ዳገቱ ብዙም ሳይቆይ ይጀምራል። የድልብን ጠመዝማዛ ስንጨርስ የወልዲያ ሙቀት እታች ቀረ፤ መስኮት ይከፈት ሲሉ የነበሩት ሁሉ ይዘጋ ማለት ጀመሩ። ከወልዲያ ወረታ የሚዘልቀውን ይህን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ናቸው፤ ዛሬም ስሙ «ቻይና መንገድ» ነው። ደጋውን ተከትሎ ስለሚሄድ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ በስተደቡብ የወረደው ወደ በሽሎ ይገባል። ሁለቱ ውኆች ተመልሰው የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አንድ ጥቁር ፌስታል ከጉልበቱ ላይ አላወርድም ብሏል። ረዳቱ «ከላይ ልስቀልልህ» ቢለው «ይኼ እኔው ዘንድ ይቆይ» አለ። የቀረውን ዕቃ፣ ጆንያውን ሳይቀር፣ ያለ ሐሳብ አስረክቧል። የዓይኑ ቆብ አበጥ ያለ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው መስሎኝ ወሬ ሳልጀምርለት ቆየሁ።

ጋሸና

ጋሸና ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች መገንጠያ ናት። የወልዲያው፣ የደብረ ታቦርና የወረታው፣ የላሊበላውም መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰው ሁሉ በጋቢ ተጠቅልሎ ዓይኑና ዱላው ብቻ ነው የሚታየው። ሾፌሩ «ምሳ! ሃያ ደቂቃ!» ብሎ አቆመና ሁላችንም ወደ አንዲት ምግብ ቤት ገባን። ከልጁ ጋር አንድ ሽሮ አዝዘን ተካፈልን።

በልቶ ሲጨርስ ፌስታሉን ፈታና ከውስጡ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጣ። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቡናማ ክኒን መዳፉ ላይ ጣለ።

«ጋሼ፣ ያችን ውኃ ያቀብሉኛል?» አለኝ። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ጨለጠ፤ ደግሞም ቀዳ። «በባዶ ሆድህ እንዳትውጠው፣ ውኃውንም አትሳሳለት ብለውኛል።»

«በጾም ጊዜስ እንዴት ታደርጋለህ?»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እህል ስቀምስ ነው የምውጠው። ሐኪሙን ጠየቅኩት፣ ሰዓቱን ካላዛነፍክ ይሆናል አለኝ። ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ጹም፣ መድኃኒትህንም ዋጥ አሉኝ።»

የምን መድኃኒት እንደሆነ ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። የደም ካንሰር ነው። መጀመሪያ ጣፊያ ነው ተባለ። ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወርዶ ስለነበር ወባ ነው አሉት፤ የወባ መድኃኒት ዋጠ። ጠበል ገባ። ጎኑን ተተኮሰ፤ ጠባሳው እስካሁን አለ። ሆዱ ግን ከቀን ወደ ቀን በግራ በኩል እየጠነከረ፣ ሁለት ጉርሻ ሲበላ ጥግብ እያለ ሄደ። በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ደሙን ቢቆጥሩት ነጭ የደም ሴሉ ከመቶ ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ነው። ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላኩት። አሁን ከዚያ የሚቀጥለውን መድኃኒት ይዞ እየተመለሰ ነው። የዓይኑ እብጠትም ከእንቅልፍ ማጣት አይደለም፤ ከክኒኑ ነው። ብዙዎችን እንዲህ ያደርጋል።

ወገኖቹ ወባ ነው ማለታቸው አይፈረድበትም። በዚህ መንገድ ዙሪያ ጣፊያ የሚያሳብጥ ነገር ሞልቷል። ከደጋ ለወቅት ሥራ መተማና ሁመራ የሚወርደው ወጣት ወባውንም ካላ አዛሩንም ይዞ ይመለሳል። መንገዱን እስከ ወረታ ጨርሶ ወደ ጎንደር የታጠፈ ሰው አዲስ ዘመንን ያገኛል፤ በሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. የካላ አዛር ወረርሽኝ መሆኑ የተረጋገጠው በሽታ መጀመሪያ የተወሰደው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሲመጣ የአካባቢው ጤና ባለሙያ ወባና ካላ አዛርን ያስባል። ሦስተኛውን፣ የደም ካንሰርን፣ የሚያስብ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ገመዱ

ከምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የመገንጠያውን ኬላ አየሁት። ኬላው ከአንዱ ዳር ግንድ ላይ የታሰረ የናይለን ገመድ ነው፤ ሌላውን ጫፍ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ይዞታል። ሲወጥረው ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሳይቀር ቀጥ ይላል። ሲያላላው ገመዱ አስፋልቱ ላይ ይተኛና መኪናው ረግጦት ያልፋል። ሰውየው መኪና አይነዳም፣ አይገፋም። ሥራው ማላላትና መወጠር ብቻ ነው፤ ሆኖም የጋሸና መንገድ ሁሉ በእርሱ እጅ ነው። የዚያን ልጅ በሽታ ለማስረዳት ከዚህ ሰውዬ የተሻለ አላገኘሁም።

በሴል ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮቲን ስለተሠራ ብቻ ግን ሥራ አይጀምርም፤ ብዙዎቹ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ፈቃዱ ፎስፌት ነው፤ አንድ ፎስፎረስና ጥቂት ኦክስጅን። የላስታ ገበሬ ዳፕ እያለ ለዓመታት ማሳው ላይ የበተነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ያው ፎስፎረስ ነው። ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌቱን ኤቲፒ ከተባለው የሴል ስንቅ ላይ ቆርጠው ፕሮቲኑ ላይ ይለጥፉታል። ፎስፌቱ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ ተዘግቶ የነበረው ይከፈታል፣ ለብቻው የነበረው ከሌላው ጋር ይያያዛል። ገመዱ ላላ ማለት ነው። ፎስፋቴዝ የሚባሉት ደግሞ ፎስፌቱን አንሥተው ገመዱን ይወጥሩታል። ይህ የመለጠፍ ሥራ ፎስፎሪሌሽን ይባላል። በሰው ዘረ መል ውስጥ ካይኔዝ ብቻ ከ500 በላይ ተቆጥሯል።

አንዱ ካይኔዝ ሌላውን ያነቃል፣ ያም ቀጣዩን። ከውጭ የመጣች አንዲት የዕድገት መልእክት በዚህ ቅብብሎሽ ከሴሉ ቆዳ እስከ ኒውክለሱ ትዘልቅና ተባዛ ትለዋለች። የተቆረጠ ጣት የሚገጥመው በዚህ ነው። ቁስሉ ሲሞላ ገመዱ ይወጠራል፣ መባዛቱም ይቆማል። ገመድ ያዡ ገመዱን ጥሎ የሄደ ቀን ግን መኪናው ሁሉ ያለ ከልካይ ያልፋል፤ አብዛኛው ካንሰር ከዚህ ዓይነቱ ነገር ጋር ይነካካል።

ልጁ ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠና «ይኼን ማን አየው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእርሱ በአጭሩ የነገርኩትን ለአንባቢ ትንሽ ላስፋው።

የሩቅ አገር ድንቆች

ነገሩ የጀመረው በጥንቸል ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያትል ውስጥ ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ጡንቻ ስኳሩን እንዴት እንደሚፈታ ሲመረምሩ፣ አንድ ኢንዛይም ፎስፌት ሲለጠፍበት እንደሚነቃ፣ ሲነሣለትም እንደሚያንቀላፋ አዩ። ያኔ ከካንሰር ጋር ያያያዘው አልነበረም። ኖቤል የተሸለሙት በ1992 ነው፤ 37 ዓመት ቆይቶ።

ፊላደልፊያ ላይ ያለው ታሪክ የበለጠ ይገርመኛል። ፒተር ኖዌል የደም ካንሰር ሴሎችን መስታወት ላይ ሲያጥብ በቧንቧ ውኃ አጠባቸው። ሴሎቹ ውኃውን ጠጥተው አበጡ፤ ክሮሞሶሞቻቸውም ተበታትነው ለማየት ተመቹ። ከዴቪድ ሀንገርፎርድ ጋር ሆነው ሲመረምሩ በአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ታማሚዎች ዘንድ ከመጠን ያነሰች ክሮሞሶም አገኙ፤ ይህንንም በ1960 አሳወቁ። እስከዚያ ድረስ ካንሰርን ከአንድ የተወሰነ የክሮሞሶም ጉድለት ጋር ያያያዘ ሰው አልነበረም። ክሮሞሶሟ በከተማቸው ስም ፊላደልፊያ ተባለች።

ለምን እንዳነሰች ያወቀችው የቺካጎዋ ጃኔት ራውሊ ናት። የክሮሞሶም ፎቶግራፎችን በመቀስ እየቆረጠች ቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ትደረድር ነበር። በ1973 ምሥጢሩን ደረሰችበት፦ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። ኋላ እንደታወቀው ኤብል የሚባለው የካይኔዝ ዘር ከ9ኛው ተቆርጦ 22ኛው ላይ ቢሲአር ከሚባለው ጋር ተሰፍቷል። ኤብል በራሱ ጨዋ ካይኔዝ ነው፤ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ ራሱን የሚዘጋበት ጫፍ አለው። ከቢሲአር ጋር ሲሰፋ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። በዚህ ላይ ቢሲአር እነዚህን ፕሮቲኖች እየደራረበ እርስ በርስ ፎስፌት ያለጣጥፋቸዋል። ጋሸና ላይ ገመዱ ተጥሎ፣ ሰውየውም ሄዶ፣ ሌት ተቀን ማለፍ ሆነ ማለት ነው። የዚያ ልጅ በሽታ ይኸው ነው፤ ሥር የሰደደ የማይሎይድ የደም ካንሰር። ከወላጅ አይወረስም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መቅኔ ውስጥ አንዲት ሴል ላይ በአንድ ቀን የተፈጸመ የተሳሳተ ስፌት ነው።

በዚህ መካከል የዶሮ ታሪክ አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ፔይተን ራውስ በ1911 ከአንዲት ዶሮ ዕጢ የወጣ፣ በማጣሪያ ያለፈ ፈሳሽ ሌላ ዶሮ ላይ ዕጢ እንደሚያበቅል ጻፈ። ያመነው ጥቂት ነው፤ ኖቤል ሲሰጠው 87 ዓመቱ ነበር። ቫይረሱ የተሸከመው ዘር ሳርክ ይባላል። ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ በ1976 ይኸው ዘር በጤነኛ ዶሮ ሴል ውስጥም እንዳለ አሳዩ፤ ቫይረሱ የሰረቀው ከዶሮዋ ነበር። ሳርክ ካይኔዝ መሆኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ታወቀ።

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን የካሊፎርኒያው ቶኒ ሀንተር ነው። በ1979 ፎስፌት የተለጠፈባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች በኤሌክትሪክ እየለየ ሳለ አዲስ ፈሳሽ ለመበጥበጥ ሰነፈና አሮጌውን ደጋግሞ ተጠቀመበት። ስንፍናውን ራሱ ነው የተናገረው። የአሮጌው ፈሳሽ አሲድነት በትንሹ ተለውጦ ኖሮ፣ ቀድሞ አንድ ላይ ሆነው ይታዩ የነበሩ ሁለት ነጥቦች ተለያዩ። ፎስፌት የሚለጠፈው ሴሪንና ትሪዮኒን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ ብቻ ይመስል ነበር፤ ሀንተር በታይሮሲንም ላይ እንደሚለጠፍ አየ። በጤነኛ ሴል ውስጥ ካለው ፎስፌት ታይሮሲን ላይ ያለው ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ሳርክ ሲያብድ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ኤብልም፣ በጡት ካንሰር የሚጠራው ኸር ቱም የዚሁ የታይሮሲን ወገን ናቸው። ፈሳሹን ያን ቀን ቀይሮት ቢሆን ማን መቼ ያየው እንደነበር እንጃ።

ሴል እንዴት ይሸፍታል

መብዛቱ የበሽታው ግማሽ ነው። ግማሹ መሄዱ ነው።

መቅኔ ያልበሰለ የደም ሴል ዝም ብሎ አይለቅም። ሴሎቹ እስኪበስሉ ከመቅኔው ጨርቅ ጋር በሚያጣብቁ ፕሮቲኖች ተይዘው ይቆያሉ። ልቅ የሆነው ኤብል ታዲያ ተባዙ በማለት ብቻ አያበቃም፤ የማጣበቂያውንና የሴሉን አጽም የሚቆጣጠሩትንም፣ እነ ክርክልንና ፓክሲሊንን፣ ፎስፌት ይለጥፍባቸዋል። ያን ጊዜ ሴሉ መያዣው ይላላል፤ ያለ ዕድሜው ወደ ደም ይወጣል፣ ጣፊያ ውስጥ ገብቶ ይሰፍራል። ያ ልጅ በግራ ጎኑ የዳሰሰው ጥንካሬ፣ ዘመዶቹ በእሳት የተኮሱት እብጠት፣ ከመቅኔው ወጥተው እዚያ የሰፈሩት ሴሎች ናቸው።

በጡትም፣ በአንጀትም፣ በሳንባም ካንሰር ጉዞው ከዚህ የረቀቀ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ያለ ሴል እንደ ደም ሴል መዋኘት አይችልምና በእግሩ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘውን ፕሮቲን መፍታት ይኖርበታል፤ ሳርክ እዚህ ላይ ይረዳዋል። ቀጥሎ አክቲን የሚባሉትን ክሮች እየገጣጠመ ፊቱን ወደ ውጭ ይገፋል። የገፋውን ፊት መሬት የሚያስይዘው ፋክ የሚባል ካይኔዝ ባለበት የመጣበቂያ ስፍራ ነው። ፋክ 397ኛው አሚኖ አሲዱ ላይ፣ ያም ታይሮሲን ነው፣ በራሱ ፎስፌት ይለጥፋል። ሳርክ ያችን ምልክት አይቶ ይመጣና ፋክን ሌሎች ቦታዎች ላይም ይለጥፍበታል፤ ሁለቱ ተባብረው መጣበቂያውን ይተክላሉ፣ ይነቅላሉ። በመጨረሻም የኋላው ጫፍ ይኮማተርና ይለቃል፤ ማዮሲን የሚኮማተረውም ፎስፌት ሲለጠፍበት ነው። መትከል፣ መሳብ፣ መንቀል። ፎስፌቱ ተለጥፎ ባይነሣም ሴሉ በቦታው ተጣብቆ ይቀራል፤ መንገደኛ የሚያደርገው መለጠፉና መነሣቱ መፈራረቁ ነው። በዚህ አካሄድ የሚያልፈው መንገድ በሰዓት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ግን አይቸኩልም። ደም ሥር እስኪያገኝ ነው።

በአገራችን ሴቶችን ከካንሰር ሁሉ በብዛት የሚያጠቃው የጡት ካንሰር ነው። የሚገድለው ጡት ላይ ያለው እብጠት አይደለም፤ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት የደረሰው ነው። እብጠት ትንሽ ሳለ ይታይ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ እነዚያ ሴሎች ደም ሥር ሳያገኙ ማለት ነው።

ቡናማው ክኒን

ካይኔዝ ፎስፌቱን የሚቆርጠው ኤቲፒን ወደ አንዲት ጠባብ ኪስ አስገብቶ ነው። ባዝል በነበረው ሲባ ጋይጊ ኩባንያ ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቹ የኤብልን ኪስ የሚሞላ ኬሚካል ፈለጉ። የኪሱን ቦታ ከያዘ ኤቲፒ አይገባም፤ ኤቲፒ ካልገባ ፎስፌት የለም። ኬሚካሉ ኢማቲኒብ ነው፤ ገበያ ላይ ግሊቬክ ተባለ። የፖርትላንዱ ሐኪም ብራያን ድሩከር ታማሚ ላይ እንዲሞከር ሲወተውት ቆይቶ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ። በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ታማሚዎች በ53ቱ የደም ቁጥሩ ወደ ጤነኛው ተመለሰ። በካንሰር ሕክምና እንዲህ ያለ ቁጥር ብርቅ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ፈቀደው። ኋላ በተካሄደ ሰፊ ጥናት መድኃኒቱን ከጀመሩት ታማሚዎች መካከል ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ከመቶ 83 ገደማ ነበሩ፤ ቀድሞ ይህ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚገድል ነበር።

ዋጋው ግን ለጋሸና ሰው የሚነገር አልነበረም። ሲጀመር በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ ነበር። ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ መክፈል ለማይችሉ አገሮች ታማሚዎች በነጻ የሚያደርሱበት ፕሮግራም አቋቋሙ፤ ኢትዮጵያም ገባችበት። እዚህ ሥራውን ከተሸከሙት አንዱ የጥቁር አንበሳው የደም ሐኪም ዶክተር አምሃ ገብረ መድኅን ናቸው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በሽታ በአብዛኛው በዕድሜ ገፋ ያሉትን ይይዛል። ጥቁር አንበሳ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ ጣፊያቸውም አብጦ ከእምብርት ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሱት። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢማቲኒብ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ያልተጠናቀቀ ውለታ ነው። የተሳሳተውን ስፌት አይፈታውም፤ ገመዱን በየቀኑ ይወጥራል እንጂ። አንድ ቀን ያመለጠ ክኒን ለኤብል የተከፈተ በር ነው። አንዳንዱ ሴል ደግሞ የኪሱን በር ይለውጣል፤ 315ኛው አሚኖ አሲድ፣ ትሪዮኒን የነበረው፣ አይሶሉሲን ይሆንና ኢማቲኒብ አልገባ ይለዋል። ያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ እሱም ውድ ነው። ለዓመታት በጥልቅ የተረጋጋ በሽታ ያላቸው አንዳንዶች በሐኪም ክትትልና በተደጋጋሚ የደም ምርመራ ማቆም ይችላሉ። በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ፌስታሉን ከጉልበቱ ያላወረደው ለዚህ ነው።

ወደ ላሊበላ

ከጋሸና ወደ ሰሜን የሚወርደው መንገድ ላሊበላ እስኪደርስ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ደጋው እያበቃ፣ ቆላው ከፊት እየተዘረጋ ይሄዳል። ልጁ ዓይኑን ከድኖ ነበር፤ ሲነቃ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለነበረው ጦርነት አወራን። ጋሸና ያኔ ብርቱ ውጊያ ከተካሄደባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ያለው ግጭት ይህንኑ መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴ ዕቃውን ያቆያል፣ ተማሪ ፈተናውን ያራዝማል። መቅኔ ውስጥ ያለው ካይኔዝ ግን ለማንም አያራዝምም።

«አንድ ጊዜ ስድስት ክኒን ብቻ ቀርቶኝ መንገዱ ተዘጋ» አለኝ። «አንድ ቀን እየዘለልኩ ቆጥቤ ዋጥኩ። ኋላ ሐኪሙ ሲሰማ ተቆጣኝ። ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙም ልክ ነው፣ ልጁም አማራጭ አልነበረውም። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ማከማቻ ከታማሚው በመቶዎች ኪሎ ሜትር መራቁ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። በሽታው ምን ያህል እንደተገታ የሚያሳየው የቢሲአር ኤብል ምርመራ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ሊሠራ ይችላል። ይህ ማሽን ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አገር ውስጥ ተሠራጭቷል፤ ለዚህ በሽታ የሚያስፈልገው የተለየ ካርትሪጅና የሠለጠነ ሰው ነው። ክኒኑም በረዶ አይፈልግም፣ መርፌ አይደለም፣ ብልቃጡ ኪስ ይገባል። የብዙ ታማሚ የወራት መድኃኒት በአንድ መለስተኛ ካርቶን ይጠቃለላል። ይህን ወልዲያ ወይም ደሴ ማስቀመጥ የሚያቅት ሥራ አይመስለኝም።

ላሊበላ አመሻሽ ላይ ደረስን። ልጁ ፌስታሉን ደረቱ ላይ ይዞ ወረደና የሚቀበለው ዘመዱ ጋር ሄደ። እኔ በማግስቱ አብያተ ክርስቲያናቱን አየሁ፤ ስለ እነርሱ ከአልቫሬዝ ጀምሮ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

ይህን የሚያነብ የጤና ባለሙያ ካለ፣ በተለይ ወባና ካላ አዛር ባለበት አካባቢ የሚሠራ፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ክብደቱ የቀነሰ ወጣት ሲመጣ የወባውን ምርመራ ሲያዝዝ ሙሉ የደም ቆጠራም ይዘዝ። ምርመራው ርካሽ ነው፣ በብዙ ሆስፒታሎችም አለ። ታማሚውም ወረቀቱን ይጠይቅ፤ ነጭ የደም ሴሉ ስንት እንደሆነ ማወቅ መብቱ ነው። ክኒኑን የጀመረ ሰው ደግሞ ከማለቁ አንድ ወር ቀደም ብሎ የሚቀጥለውን ይጠይቅ፤ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ማንም አይነግረውም። የክልሉ ጤና ቢሮና የመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት ይህን መድኃኒት ከአዲስ አበባ አውጥተው ቢያንስ ደሴ ያድርሱልን።